ከሦስት መቶ በላይ

የኔ በራሪ ወንበር አንድ የኲሓ ነጋዴን ወርውሮ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ አስቀምጦታል፤ ሰውዬው አዲስ አበባ ደርሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ በማግስቱ በረራ ተመለሰ ብዬ ሳወራ የሚያምነኝ ባይኖርም የማይስቅ አልነበረም። አምስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ ሌሎች አንዴ ብቻ ነው የተማሩት። ስለዚህ ይህን ሳወራላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር።

መናፈሻችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ አቶ ይበልጣል ከጎጃም በጨርቅ ነጋዴነት መጥቶ መቀሌ ላይ ያረጀ ሰው ነው። አሮጌ የመጫወቻ ማሽኖች ገዛና ተከላቸው፦ እኔ የምሠራበት፣ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚዞረው በራሪ ወንበር፣ ክብ የምትዞር ባቡር፣ የሕፃናት መኪና። መሐል ላይ ውሃ አፍልቆ የማያውቅ ፏፏቴ አለ። መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚከፈለው በየጨዋታው ነው። በዓል ሲሆን ልጅ ያለው ሁሉ ወደኛ ይጎርፋል። ባለፈው ፋሲካ ሕዝቡ ተገፋፍቶ አጥሩን ጣለው፤ አንዲት ሴት ክንዷ ተሰበረ።

ያኔ ነው በረኛዋ ሸዋወርቅ የተነሳችው። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም የሆነ የሸዋ ሴት ናት።

«በቀን የሚገባው ሰው ልክ ይበጅለት» አለች።

«እንዴት አድርጎ?» አለ አቶ ይበልጣል። «አባት ልጁን አዝሎ ከኲሓ በእግሩ መጥቶ፣ ሞልቷል ተመለስ ልበለው? ይኼ ሕዝብ ስንት ዓመት ሳይስቅ ኖሮ አሁን ልሳቅ ቢል በር እንዝጋበት?»

«የሚያለቅስ ልጅ ከሚረገጥ ልጅ ይሻላል፣ ጋሼ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እየደገፍኩ እሳቱን ሳራግብ ዋልኩ። በመጨረሻ ማሽኖቹን የሚጠግነው መካኒክ ተጠየቀና ቦታው ከሦስት መቶ ሰው በላይ አይችልም አለ። ተወሰነ። ሸዋወርቅ ግን ሌላ ጣጣ አመጣች።

«ሰው አልቆጥርም።»

«አንቺው አይደለሽ ልክ ይበጅ ያልሽው?»

«ልክ ይበጅ አልኩ እንጂ ሰው ይቆጠር አልኩ? ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ሰባ ሺህ ሰው በቸነፈር አለቀበት። ልጅ አይቆጠርም፣ ከብት አይቆጠርም። እኔ በዚህች ከተማ ላይ መቅሠፍት አልጠራም። የደረሰባት ይበቃታል።»

ማንም አልሳቀባት። የኔም እናት ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ነበር የምትለው። መላውን ያመጣችው ፈንድሻ ሻጯ ሳሊሃ ናት፤ ከወሎ የመጣች፣ ከፏፏቴው አጠገብ ማሽኗን የምታንጣጣ። ቆርኪ ይቆጠር አለች። ሦስት መቶ የለስላሳ ቆርኪ ቀይ ቀባንና ባልዲ ውስጥ አደረግን። የሚገባ ሰው አንድ ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል። ባልዲው ባዶ ሲሆን በሩ ይዘጋል። ቆርኪ መቁጠር ኃጢአት አይደለም። ሸዋወርቅም ደስ አላት።

በመስቀል ማግስት ጠዋት አቶ ይበልጣል ጠራኝና በጆሮዬ አንሾካሾከ። ከበሩ ውጭ ያለው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ደርሶ ነበር።

«ቸርነት፣ ባለ ግሮሰሪው ጓደኛህ ቆርኪ አያጣም አይደል?»

«ጆንያ ሙሉ አለው ጋሼ።»

«በላ ቀባና አምጣ። ለሸዋወርቅ እንዳትተነፍስ።»

እንዲህ ያለ ሥራ ስታዘዝ እግሬ መሬት አይነካም። የቢራ ቆርኪ ቀብቼ በፌስታል አመጣሁ። ሸዋወርቅ ሰልፉ ላይ የሚጣላ ሰው ልትገላግል ዞር ስትል እሞላለሁ። ባልዲው ሲጎድል እሞላለሁ።

«ብዙ ሰው ወጣ መሰለኝ» ትላለች።

«ኧረ እየጎረፈ ነው የሚወጣው» ይላል አቶ ይበልጣል ፊቱን ሳይቀይር።

ወደ ወንበሬ ስመለስ እዚያ ወረፋ የሚጠብቅ አልነበረም። ወንበሮቹ ግን ሞልተዋል። ሞተሩን አስነሳሁ። በራሪ ወንበር ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት ነው፤ ሴቱ እናቱን ይጠራል፣ ወንዱ አለመፍራቱን ለማሳየት ያፏጫል። የዚያን ቀን የሚሰማው ሰንሰለቱ ብቻ ነበር። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን ያያሉ፣ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው።

መሐላቸው ሳምሪ ነበረች፤ የሸዋወርቅ ታናሽ እህት፣ እንዳ ኢየሱስ የዩኒቨርሲቲው ግቢ የምትማር። ሸዋወርቅ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት፣ ከእሷ ሌላ ዘመድ የላትም። ሳምሪ ሁሌ ስታየኝ «ዛሬስ ማንን ወረወርክ?» ነው የምትለኝ።

«ሳምሪ! ኲሓ ልላክሽ ወይስ አዲግራት?» አልኳት።

አለፈችኝ። በሁለተኛው ዙር ስትመጣ ዐይኗ እኔ ላይ ነበር፣ ግን ግድግዳ እንደሚታይ ነው ያየችኝ። በሦስተኛው ዙር ወንበሯ ባዶ ነበር።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወንበሮቹ እየተንገጫገጩ ዝቅ አሉ። ሁሉም ባዶ። ሰው እንዳይወድቅ ከፊት የምትቆለፈው ሰንሰለት በየወንበሩ እንደተቆለፈች ናት። አንድም ሰው ሲወርድ አላየሁም።

ቀና ብዬ መናፈሻውን አየሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። በበሩ ሰው ይገባል፤ ፊኛ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ክንድ ለክንድ የተያያዘ። ፏፏቴው ድረስ ይመጣሉ። ከፏፏቴው ወዲህ ግን ማንም የለም። የሚጠፉበትን ቦታ ልይ ብዬ አንዲት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት ላይ ዐይኔን ተከልኩ። እየሄደች ነበር። ዐይኔን አላርገበገብኩም። ከዚያ ባዶውን ሲሚንቶ እያየሁ መሆኔን አወቅሁ፣ መቼ እንደጀመርኩ ግን አላውቅም።

ሳሊሃ ማሽኗን አጥፍታ ቆማለች።

«ቸርነት፣ የዛሬ ሰው ምንድነው?» አለችኝ። «ከቀትር ወዲህ ፈንድሻ ልግዛ ያለ የለም። ይመጣል እንጂ ወዲያ ሲሄድ አላይም። ወላሂ፣ ጥላቸው እንኳ አይነካኝም።»

ወደ በሩ ሮጥኩ።

«እትዬ ሸዋ! ዝጊው! ሰው እየጠፋ ነው!»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ውሸታም። አውሮፕላን ላይ ሰቀልካቸው?»

«በማርያም እውነቴን ነው! ሳምሪ ወንበሩ ላይ ነበረች፣ የለችም!»

የእህቷን ስም ስትሰማ ነው ዞር ያለችው። ከጠዋት ጀምራ ፊቷን ወደ ውጭ፣ ወደ ሰልፉ አድርጋ ነበር፤ በረኛ የሚጠብቀው የሚገባውን ነው። አሁን መናፈሻውን አየችው። ነፋሱ የፈንድሻ ፌስታል እያንከባለለ ከባቡሯ ወደ ወንበሩ ይወስዳል። ሌላ የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

አቶ ይበልጣል ሳቀ። «አየሽ? ገና ቦታ አለ! መካኒክሽ ነው ያስፈራራሽ። አስገቢ!»

ሸዋወርቅ እጇን ባልዲው ውስጥ ከታ አንድ ቆርኪ አወጣች። በጥፍሯ ቀዩን ቀለም ፋቀችው። ከሥሩ የቢራ ምልክት ወጣ። አቶ ይበልጣልን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ለመሳደብ እንኳ ጊዜ አላባከነችም። የብረት በሩን ሰልፈኛው ፊት ዘጋችና ወደ ውስጥ «ሳምሪ!» ብላ ተጣራች። ድምፅዋ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። ያን ቀን ከአፏ እንደወጣ መሬት ውስጥ የሰረገ መሰለ።

ደጋግማ ጠራች። በሩ የተዘጋበት ሰልፈኛ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«ሸዋዬ» አለች ሳሊሃ ቀስ ብላ። «ቦታው ሰው መግባቱን አላወቀም። ያስገባነው ቆርኪ ነው። ቆርኪ ሰጥተን ቆርኪ ስንጠብቅ ዋልን። እንደ ሰው ቁጠሪያቸው።»

«አልችልም። ታውቂያለሽ አልችልም።»

«እህትሽ እኮ ናት።»

ሸዋወርቅ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነበር፤ ይቅር በለኝ እያለች ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ባዶው መናፈሻ ጣቷን ቀሰረች።

«አንድ።»

ከፏፏቴው ጀርባ አንድ ሰውዬ መጣ። ከፏፏቴው ጀርባ ቦታ የለም፤ ወገብ የማይደርስ ነገር ነው፣ ከወዲህ ሆነህ የወዲያውን ታያለህ። ሰውዬው ግን መጣ፣ ቆርኪውን ባልዲ ውስጥ ጣለ። «ምነው ዘጋችሁ? አሁን ገና ገባሁ እኮ» እያለ ሸዋወርቅ ገርበብ ባደረገችለት በር ወጣ።

«ሁለት።» ልጅ መጣ፣ በእጁ የቀለጠ አይስክሬም። እየቆጠረች ሄደች። እያንዳንዱ ቁጥር ሲጠራ አንድ ሰው ይመጣል፣ ሳይጠራ የሚመጣ የለም። እናት ወጥታ ልጇ ገና ያልተጠራላት፣ አጥሩን ይዛ ትጮሃለች፤ ቀጣዩ ቁጥር ሲጠራ ልጁ ይመጣል። ቢጫ ቀሚሷም መጣች። ሳምሪ ግን የለችም። የሸዋወርቅ ድምፅ እየሻከረ፣ ፀሐይዋ እየቀላች ሦስት መቶ ላይ ደረሰች። አንዲት ሻሽ ያሰረች ባልቴት ወጣች።

ሸዋወርቅ ቆመች።

«ምነው?» አለ አቶ ይበልጣል። አሁን አይስቅም። «ቀጥይ እንጂ። ልጅቷስ?»

«እኔ ያስገባሁት እዚህ ድረስ ነው» አለች። «ልኩ ይኼ ነው። ከዚህ በላይ የምጠራው ማንን እንደሆነ አላውቅም።»

የምትናገረው የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እፎክር ነበር፤ ግን ሁላችንም ገብቶናል። አንድ ላይ ሆነን የተጨቃጨቅንባት ቁጥር አሁን እንደ ገደል አፋፍ ፊታችን ነበረች።

ዐይኗን ጨፈነችና ተሻገረች። «ሦስት መቶ አንድ።»

የቢራ ቆርኪ የያዘ ጎረምሳ መጣ። ከእሱ በኋላ ሌላ፣ ሌላ። እነዚህ እንደ ፊተኞቹ አያወሩም፤ ከሩቅ እንደመጣ መንገደኛ አቧራ ለብሰዋል። በመጨረሻ በራሪ ወንበሩ ሥር ሳምሪ ቆማ አየናት። ስልኳን እየነካካች መጣች።

«እታለም፣ ምን ሆናችኋል? ይኼ ቸርነት ሞተሩን ሳያስነሳው ወረድኩ እኮ። ስልኬም ሰዓቱ ቆሟል።»

ሸዋወርቅ አንገቷን አቅፋ ጨመቀቻት። እኔም እጇን ያዝኩ፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም ሳምሪ ናት፤ «ዛሬስ ማንን ወረወርክ?» አለችኝ።

«በቃ» አለ አቶ ይበልጣል። «ተመስገን። ዝጊና ወደየቤታችን።»

በሩን ሊገፋ ሲል ሳሊሃ ጮኸች። የጩኸት ያህል እንኳ አልነበረም፣ ትንፋሽ ነው።

ፏፏቴው ጋ አንድ ሰው ቆሟል። ለመራመድ አንድ እግሩን አንስቷል፣ አላሳረፈውም። የበዓል ልብስ ለብሶ የመጣ አይደለም። ወፍራም ሹራብ ለብሷል፤ የፕላስቲክ ጫማ አድርጓል፤ ክንዱ ሥር ባዶ የዳቦ ከረጢት ይዟል። እኛ ይህን ሰው ዛሬ አላስገባነውም።

«ወንድሜ ነው» አለች ሳሊሃ። «አብዱልወዱድ ነው።»

መቀሌ ላይ ሁሉም ቤት የዚያን የጦርነት ዘመን ታሪክ አለው፣ አይነገርም። የሳሊሃ ወንድም ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው የቀረው። ሬሳው አልተገኘም፣ ሐዘንም አልተቀመጠችለትም።

አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ አየው። አንዲት አሮጊት «ቁጸሪ!» አለች፣ ቁጠሪ ማለቷ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሁሉም። «ቁጸሪ! ቁጸሪ በጃኺ!» እያሉ ይለምኗት ጀመር።

አቶ ይበልጣል ትከሻውን በሩ ላይ ደገፈ። «ዝጉ! ኧረ ዝጉ! ልክ አለው ተብሎ የለም እንዴ! ሞልቷል በሏቸው!» ጠዋት በጆሮዬ ያንሾካሾከው ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለው።

ሸዋወርቅ ሳምሪን ከኋላዋ ደበቀች። «ሳሊሃ፣ ይኼ የዛሬ ሰው አይደለም። ከየት እንደሚመጣ አናውቅም። ከእሱ ኋላ ማን እንዳለም አናውቅም።»

«ለእህትሽ ልኩን አልፈሻል» አለች ሳሊሃ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ለኔ ወንድም ነው የሞላው?»

ሰውዬው እግሩን እንዳነሳ ነው። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሰው ጉልበት ነው።

ሸዋወርቅ የሳምሪን እጅ አጥብቃ ያዘች። ድምፅዋ አልቆ ስለነበር ቁጥሯን የሰማነው አጠገቧ የቆምነው ብቻ ነን። እግሩ ግን መሬት ነካ።

አብዱልወዱድ ወደ እኛ አልመጣም። ሳሊሃንም አላያትም። ፊቱን ወደ ኋላ መለሰና፣ በእጁ፣ ኑ አለ፤ በሩ ተከፍቷል እንደማለት።

ይኼኔ አቶ ይበልጣል በሩን መግፋት ተወ። አንገቱን አሰገገ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከአብዱልወዱድ ትከሻ በላይ የሚመጡትን ፊቶች፣ የራሱን ሰው እንደሚፈልግ፣ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ።