ከቆጥ የወረደ ፊልም

«ቅቤ አልገዛም፣ እትዬ ጌታነሽ። ሁዳዴ ገብቶ ለማን ልሸጠው?» አለ ባለሱቁ ጀላሉ፣ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠውን ቆርቆሮ በጣቱ ገፋ አድርጎ።

«ቅቤ ማን አለህ? ባሌ ነው።»

ጀላሉ ደነገጠ። ክዳኑን ፈልቅቃ ስትከፍተው ግን ውስጡ የተጠቀለለ ፊልም ነበር።

ባሏ ወልደ ጻድቅ በጉልምስናው፣ ጥብቁ የጓሳ ምድር ለሣር ዐጨዳ በተከፈተ ሰሞን፣ ፊልም አንሺዎች በርኖሱን እንደለበሰ ሲያጭድ አንሥተውት ነበር። እንደ ቃላቸውም ቅጂውን ላኩለት። ማሳያ አልነበረምና «አንድ ቀን እናየዋለን» እንዳለ ሞተ። ሌላ ምስል የለውም። መታወቂያውን ጌታነሽ ከሱሪው ኪስ ሳታወጣ አጥባው ፊቱ ባዶ ወረቀት ሆኗል፤ መቼም በንጽሕና አትታማም። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ከልቧም ይታጠብ ጀመር። ሳሉ ይሰማታል፤ ሲቆጣ የሚላትን ታውቃለች። አፍንጫው ግን ጠፍቶባታል።

ጀላሉ የአባቱን ፕሮጀክተር ከጓዳ አወጣ። አባቱ በሕይወት ሳሉ ጄኔሬተር አስጭነው፣ ዘመሮ ራቤል ሳይሉ፣ ገበያ ለገበያ ፊልም ያሳዩ ነበር። የፊልሙን ስፋት በማስመሪያ ለካ።

«ዐሥራ ስድስት ሚሊሜትር ነው፤ እድለኛ ነዎት። ሠላሳ አምስቱ የከተማ ሲኒማ ቤት ነው፤ የጥንቱማ እንደ ባሩድ ይነድ ነበር ይሉ ነበር አባባ። ዐሥራ ስድስቱን ለቤትና ለትምህርት ቤት ብለው፣ እሳት እንዳይፈጀው አድርገው አመጡት። ኋላ ቁጠባ ሲያምራቸው እሱንም ለሁለት ሰንጥቀው ስምንት አሉት። ያ ቢሆን ኖሮ ባዶ እጅዎን ይመለሱ ነበር። ይቺ ማሽን ከዐሥራ ስድስት ሌላ አትጎርስም።»

«እንግዲያ አጉርሳታ!»

ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚገባባት ሴት ቀና ብላ ተቀመጠች።

የማሽኑ የመጀመሪያ ጥርስ በፊልሙ ጠርዝ ካለው ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ወጣ። ሦስተኛው ቀደደው። ጀላሉ ማሽኑን አቁሞ እንደገና ሞከረ፤ ፊልሙ እንደ ታኘከ ገለባ እየተሰባበረ ወጣ። ሽታው ጭስ ጭስ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይል ነበር። የቀረውን ተርትሮ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው።

«አፍንጫው አለ?» አለች።

«ምስሉ ከላዩ ተልጧል፣ እትዬ። ፊልሙም ተኮማትሯል፤ ቀዳዳውና ጥርሱ አልተገናኙም። ሙቀት ጎድቶታል። የት ነበር ያኖሩት?»

ጌታነሽ የምትጥደው ባጣችበት ምሽት እንኳ ኩበቷን ሳትሰስት ትማግድ የነበረው ለማን እንደ ሆነ፣ ለዚህ ሰው ምን ብላ ትንገረው?

«ቆጥ ላይ፣ ከምድጃው በላይ» አለች። «ከዘር ገብሱ ጋር። ጭስ ካላገኘ ነቀዝ ይበላዋል ብዬ።»

ጀላሉ ዐይኑን ወደ ማሽኑ መለሰ። እሷ ስብርባሪውን ከወለሉ እየለቀመች ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረች፤ አንዲቱን ብጣሽ ብርሃን ላይ ይዛ ቆየችና እሷንም ጨመረቻት። ክዳኑን በመዳፏ ተጭና ገጠመች።

«አዝናለሁ፣ እትዬ» አለ ጀላሉ።

«ገብሱን ግን ነቀዝ አልነካውም።»