ድልድዩ መሃል ጠብቀኝ

የሰፈሩ አዛውንቶች አውቶቡሱ ጋያ ኮረብታ ላይ ሲያወርዳቸው ወንዙንና ከማዶ ያለውን የፖርቶ ከተማ ቁልቁል እያዩ "ወይ ጉድ!" ይላሉ። አብሯቸው የመጣው አቢሊዮ ግን ምኑንም አላየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ድልድዩ ሄደ።

"ጋሼ አቢሊዮ፣ አስር ሰዓት እንነሳለን! ማንንም አልጠብቅም!" ሲል ሾፌሩ ሴራፊም ጮኸበት።

ፖርቶ ወንዝ ዳር የምትኖረው ታላቅ እህቱ ኤርሜሊንዳ "ድልድዩ መሃል ጠብቀኝ" ብላዋለች። እናታቸው ከተቀበረች ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ለቀስተኛ ፊት "ለእናትሽ እንኳ ዘግይተሽ ትመጫለሽ?" ብሎ ያዋረዳት እሱ ነው። እሷም ክፉኛ ተቀይማ "ካልመጣህልኝ አንድ እርምጃ ወደ አንተ አልራመድም" ብላ ማለች። ይኸው ዛሬ እሱ ራሱ መጣ።

መሃሉ ላይ ቆመ። ባቡሩ ከኋላው ያልፋል፣ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል፤ እሷ የለችም። ብዙ ከቆየ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"የት ነህ አንተ?"

"ድልድዩ መሃል ነኛ!"

"እኔም መሃሉ ላይ ነኝ፤ የለህም!"

"ዓይንሽን ምን ነካው? ባቡሩ አጠገብ እኮ ነኝ!"

"የምን ባቡር? እዚህ የሚያልፈው መኪና ነው። በዚህ ዕድሜህም ታሾፍብኛለህ?" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አቢሊዮ ግራ ገባው። ያበደችው እሷ ናት ወይስ እሱ? አንዲት መንገደኛ አስቆመ።

"እመቤቴ፣ ይሄ ድልድዩ አይደለም እንዴ?"

"ድልድዩ እኮ ሁለት ፎቅ ነው፤ ይሄ የላዩ ነው። ከሥሩ የመኪናው አለ። የወንዝ ዳር ሰው ድልድይ ካለ የታቹን ማለቱ ነው።"

ከእግሩ ሥር ቆማ ኖሯል! ሰዓቱን አየ፤ አስር ሊሆን ምንም አልቀረውም። አውቶቡሱ ገደል ይግባ አለና በጋያ በኩል ያለውን ቁልቁለት እየተንደረደረ ወረደ። እያለከለከ የታችኛው ድልድይ መሃል ሲደርስ ማንም የለም። ተናዳ ሄዳለች፤ በቃ፣ ዳግመኛ አታየውም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። እሷ ናት፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ባቡሩንስ አየሁት። አንተ የታለህ?"

"የት ነሽ?"

"ላይ ነኛ! ባቡር ስትል ኋላ ገባኝ። እንዳታመልጠኝ ብዬ ያንን ሁሉ ደረጃ በፖርቶ በኩል በዚህ ጉልበቴ ወጣሁት!"

የአቢሊዮ እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ።

"ወደ እኔ መጣሽ?" አለ።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ ወንድሜ አይደለህ?"

"በይ አትንቀሳቀሺ፣ እዚያው ቁጭ በይ" አላትና ዳገቱን ተያያዘው።