የሬታ እግር

ሬታ ከባሏ ከቨርሊን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ፒካፑን አስጊጠው፣ አታስጊጠው፣ የራስህ ጉዳይ። ብቻ ጉብታው ላይ እንዳይጠፋብኝ።»

ጉብታው የባቡር ሐዲዱ የሚያልፍበት ነው። ከነቨርሊን እርሻ ወደ ከተማ የሚወስደው ፒስታ መንገድ እዚያ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፤ መዝጊያ የለው፣ መብራት የለው፣ አንድ የእንጨት መስቀል ብቻ ቆሞበታል። ከሰል የጫኑት ባቡሮች ከዋዮሚንግ ወደ ነብራስካ ሲወርዱ መጨረሻቸው አይታይም፤ ፍሬን ቢይዙ እንኳ የሚቆሙት የገጩትን አልፈው፣ ርቀው ነው። ሬታ በየማለዳው ያንን ጉብታ ተሻግራ የአረጋውያን መኖሪያው ወጥ ቤት ትገባና ለሽማግሎቹ ኮላቼ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ትጋግራለች።

ፒካፑ የአባቷ ነበር። የስልሳ ስድስት ሞዴል፣ አረንጓዴ፣ በሩ በገመድ የሚታሰር። አባቷ አርባ ዓመት ነድተውት አንድም ቀን ሐዲድ ላይ አልቆመባቸውም። ዘይት መጠጣት ሲጀምር ቨርሊን ሞተሩን አወረደና ከነሱ ቀጥሎ ወዳለው ወደ አባባ ላድ ጋራዥ ወሰደው። አባባ ላድ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዚያ አገር ያልከፈቱት ሞተር የለም።

ሁሉም ተሠርቶ አለቀና ማኒፎልዱ ቀረ። ካርቡራተሩ የሚቀመጥበት፣ አየርና ቤንዚኑን ለስምንቱ ሲሊንደር የሚያከፋፍለው ማለት ነው። አሮጌው ብረት ነው፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ መልከ ጥፉ። አባባ ላድ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው በሆዱ የሚያልፈውን ቀዳዳ ከጥላሸት ሲያጸዱ ከረሙ።

«ይቺን ቀዳዳ አየሃት?» አሉት። «የጭሱ ሙቀት በዚች አልፎ የካርቡራተሩን ቂጥ ያሞቃል። ቤንዚን ሲተን ይበርዳል፣ አንተ ልጅ። ጉም በወረደ ቀን ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይጋገራል። የምታሟሟው እሷ ናት።»

«አባባ ላድ ደግሞ! በዚህ በሐምሌ ሐሩር ስለ በረዶ ያወሩኛል?»

«ሐምሌ ያልፋል» አሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእህል ጎተራው ፊት ለፊት አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል። የሰው ሞተር አጎንብሰው እያዩ ማማት የዚያ አገር ወንዶች ቅዳሴ ነው። ቨርሊን አሮጌውን ማኒፎልድ መልሶ ሊገጥም ማሰቡን ሲያወራ ዋርድ የሚባለው፣ የራሱ ሞተር እንደ ብር ሳህን የሚያብለጨልጭለት ሰውዬ፣ ሰምቶት ኖሮ ከት ብሎ ሳቀ።

«ያንን የብረት ምድጃ ልትመልሰው? ድንች ቀቅልበት እንጂ!»

«ሬታ ወጥ ቤት ውሰድላት» አለ ሌላው።

ሁሉም አሽካኩ። ወይ ወንድ ልጅ! ሀምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በጓደኞቹ ሳቅ ግን አሁንም ጆሮው ድረስ ይቀላል። ቨርሊን በሳምንቱ አዲስ የአሉሚኒየም ማኒፎልድ አዘዘ። ረጅም ነው፣ ነጭ ነው፣ ከሥሩ አየር እንዲያልፍና እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ የተሠራ፤ የጭስ ቀዳዳ ብሎ ነገር የለውም።

አባባ ላድ አገላብጠው አዩት። «ያምራል» አሉ። «ግን ሞተሩ ሲጮህ ነው የሚሠራው። ሬታ ደግሞ ሞተር አታስጮህም፤ ጉብታው ሥር ቆማ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ ቀስ ብላ ነው የምትነሣው። እስቲ ንገረኝ፣ የምትመርጠው ኮፈኑ ተከፍቶ ለሚያዩት ነው ወይስ ተዘግቶ ለምትነዳው?»

«ለሁለቱም ይሆናል።»

«ምከረው፣ ምከረው…» አሉና ተረቱን ሳይጨርሱ ተዉት። አሮጌውን ማኒፎልድ በጨርቅ ጠቅልለው መኪናው ላይ ጫኑለት። «እንዳትጥለው» አሉት።

እውነት ለመናገር አሉሚኒየሙ ከተገጠመ ወዲህ በጋውን ሙሉ ፒካፑ ሸጋ ሆነ። ቅዳሜ ኮፈኑ ሲከፈት ዋርድ እንኳ ዝም አለ፤ ለቨርሊን ያ ዝምታ ከምርቃት በላይ ነበር። ብረቱ ቨርሊን ግቢ ባለው ጋራዥ ጥግ፣ ከነጨርቁ፣ አቧራ ለበሰ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ እራት ላይ፣ ሬታ ሹካዋን አስቀመጠች። «ዛሬ ጉብታው ላይ ሳል አደረገው። ሊጠፋ ነበር።»

ቨርሊን ቀና ሳይል፣ «እግርሽ ነው» አለ። «ቤንዚኑን ባንዴ ታጠጪዋለሽ። ቀስ ብለሽ እርገጪ።»

«ሠላሳ ዓመት የነዳ እግር ዛሬ ተበላሸ?»

«አዲስ ሞተር ነዋ፣ ልማድ ይፈልጋል።»

አመነችው። ከአባቷ ቀጥሎ ሞተር የሚያውቅ እሱ ነው ብላ ታምን ነበርና አመነችው። በማግስቱ ከሰዓት ቨርሊን ከጋራዡ ሆኖ ሰማት፤ ግቢ ውስጥ ፒካፑን አቁማ ነዳጁን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ ስታደርግ፤ እንደ ተማሪ ስትለማመድ። ወጥቶ አንድ ነገር ሊላት አሰበና ቡሎን ማጥበቁን ቀጠለ።

ኅዳር ገባ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሬታ ዕረፍት ነበረች፤ ቨርሊን መኖ ሊያመጣ ራሱ በፒካፑ ወጣ። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ብርዱ ውኃ አያረጋም፣ ግን አጥንት ይገባል። ሜዳውን ዞሮ የግቢው በር ጋ ሲቆም ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ቁልፉን አዞረ። አስነሺው ሞተሪኖ ያጉረመርማል፣ እሳት የለም። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ።

የካርቡራተሩ እግር ነጭ ሆኗል። ጣቱን ቢያሳርፍበት ቆዳው ተጣበቀ። ሩቅ፣ ከጉሙ ወዲያ፣ የከሰሉ ባቡር ጮኸ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ ጠበቀ። በረዶው ከሞተሩ ግለት ቀለጠ፣ ውኃው ተነነ፤ ቁልፉን ሲያዞር ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሣ። ማስረጃ የማይተው ነገር ነበር። ከሱ በቀር ያየ የለም።

እዚያው በሩ ጋ ሁሉንም አወቀ። ብረቱን ለመመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በመሐል የሚገባው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም አለው። ግን ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻው የመኪና ትርዒት ነው፣ ኮፈን የሚከፈትበትና ላማረው ሞተር የሽልማት ሪባን የሚሰጥበት ቀን። እሑድ ጠዋት እለውጠዋለሁ አለ በልቡ። ሁለት ቀን ምን አላት?

ማታ የራሱን መኪና ቁልፍ ሊሰጣት ኪሱ ገባ። ለምን ብትለኝ ምን እመልሳለሁ ብሎ ደግሞ እጁን ባዶውን አወጣ። እግርሽ አይደለም ማለት ሊኖርበት ነው።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሬታ።

«ምንም።»

ምነው ያቺን አንዲት ቃል በተነፈሰ ኖሮ!

ዓርብ ጉሙ ብሶበት፣ ከኩሽናው መስኮት ጋራዡ አይታይም ነበር። ሬታ ካፖርቷን ለብሳ ጉንጩን ስማው ወጣች። የፒካፑ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ቨርሊን ጋራዥ ገባ፤ ለእሑድ ላዘጋጅ ብሎ ብረቱን ከጨርቁ ፈታ። ባቡሩ ጮኸ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። የዛሬው የመጨረሻው ግን አላባራም። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ፤ ከዚያ የብረት ድምፅ መጣ።

እንዴት እንደሮጠ አያውቅም። ጉብታው ጋ ሲደርስ የከሰል ፉርጎዎቹ በጉሙ ውስጥ እያፏጩ ፊት ለፊቱ ያልፋሉ፣ ያልፋሉ፣ አያልቁም። አረንጓዴ በር መንገዱ ላይ ወድቋል፤ ገመዱ እንደተንጠለጠለ ነው። «ሬታ! ሬታ!» ብሎ ጮኸ። የራሱን ድምፅ እንኳ አልሰማም።

«እዚህ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ ከበስተኋላው።

ሬታ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ቨርሊን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ እሱ ያለቅሳል።

«ይቅርታ ቨርሊን» አለች። «እግሬ ነው። እንዳልከኝ ቀስ ብዬ ነበር የረገጥኩት፤ አናቱ ላይ ጠፋብኝ። ባዞረው ባዞረው እምቢ አለ። ወርጄ ነበር እኮ… የአባዬ መኪና ነው ብዬ ተመልሼ ገባሁ። መብራቱ ፊቴ ላይ ሲመጣ ነው የዘለልኩት።» እጁን ያዘች። «ያን ሁሉ የለፋህበትን ጨረስኩብህ።»

የአባባ ላድ መኪና ከኋላቸው መጥታ ቆመች። ሽማግሌው ወረዱ፤ ሬታን ከእግር እስከ ራሷ አዩና እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ቨርሊን ላይ አሳረፉ።

«እግርሽ አይደለም» አለ ቨርሊን።

«ምን?»

«በረዶ ነው። ካርቡራተሩ በረዶ ይይዛል። ማኒፎልዱ ነው፣ ሬታ፤ እኔ ነኝ።»

ሬታ ቀና ብላ አየችው። ባቡሩ ቆሞ ነበር፤ ሩቅ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ሰዎች ይጯጯሃሉ።

«መቼ አወቅህ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። አሁን ነው የገባኝ ቢል ማን ያውቅበታል?

«ትናንት ጠዋት» አለ።

ሬታ እጇን ከእጁ አወጣች። ጃኬቱን አውልቃ፣ የወጥ ቤት ፎጣ እንደምታጥፈው አድርጋ አጥፋ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ተነሣችና በአንድ ጫማ እያነከሰች ጠጠሩን አቋርጣ ወደ ሽማግሌው መኪና ሄደች። አባባ ላድ በሩን ከፈቱላት።

«ቤት ላድርስሽ፣ ልጄ?»

«አዎ» አለች። «እርስዎ ቤት።»