ፈተና ያለፈችው ቡችላ

ዕድሜውን ሙሉ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኖ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሥራውን መሥሪያ ቤት ትቶ አይመጣም፤ ይዞት ቤት ይገባል። ተፈታኞቹ ከኋላው «አቁም» እያሉ የሚጠሩት ይህ ፈታኝም የስንብት ስጦታውን ተቀብሎ በመጣ ማግስት ሚስቱን መፈተን ጀመረ።

«ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አታጥብቂው፤ ጎማው ያልቃል።» «መሳቢያውን በሁለት እጅ።» «ከጓዳ ስትወጪ ግራና ቀኝ እዪ እንጂ።» በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው መተላለፊያ ለአንድ ሰው እንኳ ይጠባል፤ እሷ ግን ግራና ቀኝ ማየት ጀመረች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሯት አያውቅም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው፤ ልማድ መሆኑ ግን ለሚሸመጠጠው እህል ምንም አያቀልለትም።

የመኪናውማ በር አይነሳ። «የመኪና በር እንደ እንቁላል ነው» ይላታል። ስለዚህ ድምፅ ሳታሰማ ትዘጋዋለች። ድምፅ ሳታሰማ ስለምትዘጋው አይገጥምም። ሳይገጥም ሲቀር «አልገጠመም» ይላታል። እንደገና ትከፍታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አቆመችው። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችምም።

«ወይ ሌላ የምትፈትነው ነገር ፈልግ፣ ወይ እኔ እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችው። «ለምን ውሻ አንገዛም?»

«ውሻ?»

«ትንሽ ውሻ። ቤታችን ትልቅ አይችልም። እስከዚያ እጠብቃለሁ።»

ፈታኙ ሻንጣውን አየው። ፈራ። ያለ እሷ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እያደረገ እንደሚውል ሊያስብ ሞከረና አንድም ነገር አልመጣለትም። «ሻንጣው መተላለፊያ ላይ ባይቆም» አለ።

አንዲት ውሻ አራቢ የጠቆማቸው አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። «ጥሩ አራቢ ናት፤ ግን ለሁሉም አትሰጥም» አላቸው። ፈታኙ ደስ አለው። ለሁሉም የማይሰጥ ሰው ያከብራል።

አራቢዋ ጠና ያለች፣ ከሹራቧ ላይ የውሻ ፀጉር የማይጠፋ ሴት ናት። እንግዶቿን በር ላይ ጫማ አስወልቃ አስገባቻቸው። ሦስቱን ቡችሎች የምታሳድጋቸው ጓሮ ሳይሆን ሳሎኗ ውስጥ ነው። እናትየው ሶፋው ሥር ተጋድማ፣ የመጣውን ሰው ሁሉ በአንድ ዓይኗ ትቃኛለች።

ፈታኙ ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። የእናትየውን ጥርስ አየ፣ ስለ ክትባት ጠየቀ፣ ስለ አባትየው ጠየቀ። አራቢዋ አንዱንም አልሸሸገችም። የትንሽ ዝርያ ውሻ ጉልበቱ ከቦታው ሊለቅ ይችላል፤ ስለዚህ እናትና አባቱን ሳታስመረምር እንደማታራባም ነገረችው። ከዚያ ሻይ ቀድታ ሰጠቻቸውና ተራው የእሷ ሆነ።

«ጋሼ፣ ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል?»

«እኔ።»

«ቡችላዋ የት ትተኛለች?»

«ይታሰብበታል።»

«ምንጣፍ ላይ ብትሸናስ?»

«መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል።»

«ብትደግመውስ?»

«በድጋሚ ትቀርባለች።»

አራቢዋ ወደ ሚስቱ ዞር አለች። ሚስቱ የሻይ ስኒዋን ታይ ነበር።

«በሉ መሬት ይቀመጡ» አለችው አራቢዋ። «ተቆሞ ቡችላ አይመረጥም።»

ፈታኙ መሬት ላይ ከተቀመጠ ዘመን ሆኖታል። ጉልበቱ እየተንቋቋ ወረደ። ሌላ ሰው ቢሆን ቡችሎቹን አንስቶ ያቅፍ ነበር። እሱ ግን በር ላይ የወለቁትን ጫማዎች አስመጣና ምንጣፉ ላይ ግራና ቀኝ ደረደራቸው፤ አንዱ ጋ ጠበብ፣ አንዱ ጋ ጠመም አደረገ። ለኋላ ማርሽ ፈተና እንጨት ሲተክል የኖረው እንደዚህ ነው። ከዚያ ከመጨረሻው ጫማ ማዶ ተቀምጦ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ቀጥል» አለ።

ወንዱ ቡችላ መነሻው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቀይ ጆሮ ያላት የሚስቱን ጫማ በአፏ ጎትታ፣ የቀሩትን ገለባብጣ፣ ፈታኙ እግር ሥር ስትደርስ ካልሲው ላይ ሸናች።

«ወደቀች» አለ ፈታኙ።

ነጯ ተነሳች። ሆዷን ወደ መሬት አስጠግታ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየመዘነች፣ በጫማዎቹ መካከል አንዱንም ሳትነካ መጣች። ጠመም ያለው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ፈታኙን አየችው። ከዚያ ቀጠለች። ፈታኙ በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ተፈታኝ አላጋጠመውም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። «አልፋለች። ይቺን እንወስዳለን።»

«እሷን እንኳ አልሰጥዎትም» አለች አራቢዋ።

«ምነው? አንድ ጫማ አልነካችም እኮ!»

«አልነካችም። ግን ጎበዝ ሆና እንዳይመስልዎት፤ ፈርታ ነው። ማንኪያ ሲወድቅ ሶፋ ሥር የምትገባ ልጅ ናት። እሷን የምሰጠው የድስት ክዳን ሲወድቅ የሚሳቅበት ቤት ነው። እርስዎ ጋ ብትሄድ ሁልጊዜ ታልፋለች ጋሼ። አንድ ነገር ሳትነካ ታረጃለች።»

ፈታኙ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ሚስቱ ስኒዋን ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች። በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ማስቀመጫው ላይ አሳረፈችው። ኮሽ አላለም። ከዚያ ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ልክ መሆን አለመሆኗን ነው የምታየው።

ፈታኙ ክው አለ። ይቺ ሴት ሲያገባት ሳቋ ጎረቤት ይሰማ ነበር። በር ስትዘጋ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ይንጋደድ ነበር። ያ ሁሉ መቼ እንደቀረ አላስተዋለም፤ ሲቀርም በልቡ «ተሻሻለች» ብሎ አልፎታል። አፈረ። እዚያው እንደተቀመጠ ጫማዎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ያዘ።

«ታዲያ ሌላይቱንስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዛሬ ለማንም አልሰጥም። ገና ከእናታቸው አልተለዩም» አለች አራቢዋ። «እርስዎ ደግሞ በድጋሚ ይቀርባሉ።»

ይህን ቃል ስንት ሰው ላይ እንደተናገረው አያውቅም። ሲሰሙት ይህን ያህል እንደሚከብድም አላወቀም ነበር።

መኪናው ውስጥ ገቡ። ሚስቱ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው። አልገጠመም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ፈታኙ በሩ ያልገጠመ መኪና መንዳት አይችልም፤ ከነፍሱ አይስማማም። «አልገጠመም» ማለት ደግሞ ዛሬ ከአፉ አልወጣ አለው። ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሽ ግን አላስገባም።

«ምነው?» አለችው።

«በሩን… ጠንከር አድርጊው።»

«ምን ያህል?»

ልኩን መጠየቋ ነው። ከሁሉም ይልቅ አንጀቱን የበላው ይሄኛው ሆነ።

«ደስ ያለሽን ያህል» አላት።

ሚስቱ አየችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ የስንቱን ዓመት አንድ ላይ ሰብስባ ወረወረችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የአራቢዋ ውሾች በአንድ አፍ ጮኹ። የኋላ ማያው መስታወት ዞሮ ጣሪያውን ማሳየት ጀመረ። ፈታኙ መሪውን ጨበጠ እንጂ መስታወቱን አልነካም።

«አለፍኩ?» አለች።

«ፈታኝ የለም» አለ።

ሚስቱ ሳቀች። ጎረቤት የሚሰማው ሳቅ ገና አልደረሰም፤ መኪናውን ግን ሞላው።

አራቢዋ ቀይ ጆሮዋን ቡችላ እንደታቀፈች እየሮጠች ወጣች።

«ምንድን ነው? ማነው በሩን እንዲህ የዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ፣ አፏን ሞልታ።

አራቢዋ እሷን አየች፤ ከዚያ የተጣመመውን መስታወት ሳያቃና የተቀመጠውን ፈታኝ ረዘም አድርጋ አየችው።

«እንግዲያው ይቺን ጫማ ገልባጭ አቆይላችኋለሁ» አለች። «ጡት ስትጥልና ክትባቷን ስትጨርስ ኑ። ከሆነላችሁ የናንተው ናት፤ ካልሆነ ግን ለእኔ ነው የምትመልሷት፣ ለሌላ ሰው የለም። የት እንደምትተኛ ግን እስካሁን አልነገራችሁኝም።»

ፈታኙ ወደ ጎን ዞሮ ሚስቱን አያት።

«አንድ ሻንጣ አለ» አለች ሚስቱ። «ቤት ስገባ ባዶ አደርገዋለሁ።»

ፈታኙ ፍሬቻ አሳየ። መንገዱ ላይ ሰው ቀርቶ ድመት አልነበረም።