ከትሪው ስር ያለው

ሴትዮዋ ጠረጴዛዋን ስትወድ ለጉድ ነው። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ያሠራላት፣ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ጠረጴዛ። ባለፈው ወር ግን ልጇ እሱ ላይ ቀሚስ ስትተኩስ ስልክ ተደወለላትና ካውያውን እዚያው አጋድማ ወሬዋን ቀጠለች። ስትመለስ መሃሉ ላይ ጥቁር የካውያ ጠባሳ ቁጭ ብሏል።

ዛሬ ደግሞ የልጅቷ እጮኛ እናቱን ይዞ ሊመጣ ነው። ሴትዮዋ ለዚችው እናት በስልክ፣ "የኔ ልጅ እንኳን ዕቃ ልታበላሽ፣ ብርጭቆ ስታስቀምጥ ኮሽ አይልም" ብላ ጉራዋን ነፍታለች። አሁን ትልቁን ትሪ ከቡፌው አውጥታ ጠባሳው ላይ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ የጠረጴዛ ልብስ ብናለብሰውስ?"

"ይኼን የመሰለ እንጨት በጨርቅ ልሸፍን? አብደሻል? ይልቅ ትሪውን ማንም እንዳይነካው። ሻዩን በእጅሽ አመላልሺ!"

እንግዶቹ መጡ፣ ሻይ ተጠጣ። የልጁ እናት ግን ሰው ቤት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ብርጭቆዎቹን ሰብሰብ አድርጋ ትሪው ላይ ደረደረችና እጀታውን ያዘች።

"ልጅቷ ስትመላለስ ደከመች፣ እኔ ላንሳው።"

"ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!" ሴትዮዋ በወዲህ በኩል ተጫነችው።

"ምን አለበት፣ ቤቴ አይደል?"

"ቤትዎ ነው፤ ትሪው ግን የኔ ነው!"

አንዷ ስትስብ ሌላዋ ስትጫን ብርጭቆው ተንጫጫ። በመጨረሻ ትሪው ከሁለቱም እጅ አመለጠና ሙሽራ ሊሆን የመጣው ልጅ ጭን ላይ አረፈ። ጠባሳው አፍጥጦ ወጣ።

ሴትዮዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አለቀ! ልጄን ዝርክርክ ብለው ጥለዋት ሊሄዱ ነው።

ልጁ የሻይ አተላ ከሱሪው ላይ እያራገፈ፣ "'ወይኔ ጠረጴዛው!' ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የዘጋሽው ለዚህ ነው እንዴ?" አላት እጮኛውን።

እናቱ ጎንበስ ብላ ጠባሳውን ዳሰሰችና ሳቋን ለቀቀችው። "አይ እትዬ! ለዚህ ነው የታገልነው? እኔ የጋለ ድስት ያስቀመጥኩበት ጠረጴዛ አለኝ፣ የዚህን እጥፍ ነው። ዳንቴል አልብሼው ነው እንግዳ የማስገባው።"

ሴትዮዋ እፎይ ማለት ሲገባት ደሟ ፈላ።

"እጥፍ? ይኼ እኮ እስከ ውስጥ የዘለቀ ነው! እስቲ ጥፍርዎን ይስደዱበት! የድስት ከላይ ከላይ ነው የሚለበልበው።"

"የኔን ሳያዩ ነዋ!"

"ሳላይማ አላምንም። እሁድ እመጣለሁ፤ የሠርጉንም ቀን እዚያው እንቆርጣለን።"

እጮኛሞቹ ትሪውን ይዘው ወደ ማድ ቤት ሲገቡ፣ እናቶቻቸው ጠባሳው ላይ ተደፍተው ጥልቀቱን በጥፍራቸው ይለኩ ነበር።