የጎርፉ ዓመት ልጅ

ሌሺሎ በከተማዋ ፍርድ ቤት አሥር ዓመት አስተርጉሟል። ሥራው ሳምቡሩ የሚባሉትን አርብቶ አደሮች ቃል ለዳኛው በስዋሂሊ፣ የዳኛውን ቃል ለሳምቡሩ ሰው በቋንቋው ማድረስ ነው፤ ከራሱ መናገር አልተፈቀደለትም።

ሌማሮን የተባለው ባለከብት ሽማግሌ ናይሱላን አግብተሃል ተብሎ ተከሷል። ልጅቱ ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሕጉ ከአሥራ ስምንት በታች ያለችን ማግባት ይከለክላል፤ ዕድሜዋን የሚያስረዳ የልደት ወረቀት ግን የላትም። ጥርሷን መርምሮ ዕድሜዋን በፊርማው ያረጋገጠው ሐኪም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሯል፤ ለምስክርነት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቴም ቀርቷል። ሌማሮን ዛሬ በነጻ ከተሰናበተ ልጅቱን ከዚሁ ይዟት ይሄዳል።

ለተከሳሹ ሊመሰክር የቆመው የጥሎሹን ከብት የተቀበለው ወላጅ አባቷ ሌኪሊት ነበር።

«ልጄ የተወለደችው በትልቁ ጎርፍ ዓመት ነው» አለ ምርኩዙን ተደግፎ። «አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል።»

ሌሺሎ ክው አለ። እሱና ሌኪሊት አብረው የተገረዙ እኩዮች ናቸው፤ በጎርፉ ዓመት ሁለቱም ፀጉራቸውን ቀይ አፈር የሚቀቡ ጦረኞች ነበሩ። ጦረኛ አያገባም፤ በዚያ ዕድሜው የወለደ ሰው ውርደቱ እስከ መቃብር ይከተለዋል። የእኩያ ልጅ ደግሞ በአገሩ ሥርዓት የራስ ልጅ ናት።

«ተርጉም እንጂ!» አሉ ዳኛው።

ተረጎመ፤ ቀጥሎም «ክቡር ዳኛ፣ በዚያ ዓመት ሚስት እንደነበረው ይጠየቅልኝ» አለ።

«አስተርጓሚ ነህ ወይስ ጠበቃ?» ዳኛው ተቆጡ። ጥቂት አሰቡና ግን «ይመልስ» አሉ።

ሌሺሎ ጠየቀ። ይህን ነውር በአገር ሽማግሌዎች ፊት በራሱ ላይ የሚያውጅ ሳምቡሩ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ሌኪሊት ወደ ሌማሮን አየ። ሌማሮን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚስት አልነበረኝም» አለ ሌኪሊት። «ጫካ ውስጥ ነው ያስረገዝኳት። ምን ይሁን?»

«አንተ ሰው፣ እናቷ እኮ እዚህ ተቀምጣለች!» አለ ሌሺሎ።

«ትስማ! አብረኸኝ ወተት ስትጠጣ ኖረህ፣ ዛሬ የመንግሥት ወንበር ቢመችህ ፈራጅ ሆንክብኝ?»

ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ከዚህ ባነሰ በደል ሰው ረግመው ከምርቃት ያገለሉ ነበሩ። ዛሬ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱማ ሳቀ። እናትየው ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ዳኛው ጻፉ። ዐቃቤ ሕግ የልጅቱን ዕድሜ አላስረዳም፤ አባት በመሐላ መስክሯል፤ ተከሳሹ በነጻ ተሰናብቷል። ሁሉም በሥነ ሥርዓቱ ተፈጸመ።

«አባባ፣ ምን አሉ?» አለች ናይሱላ ሌሺሎን።

ነገራት። ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ፈለገች።

«ቶሎ በይ፣ መኪናው ይሄዳል» አለ ሌማሮን።

ሌሺሎ ክንዷን ያዘ። ከጠዋት ጀምሮ ልጅቱን ከሽማግሌው ሲጠብቅ የዋለው ፖሊስ መጥቶ የሌሺሎን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀ።

«ነገሩ አልቋል፣ ወንድሜ» አለና ለሽማግሌው በሩን ከፈተለት።