የደላላው ራስ ምታት

የከብት ደላላው አብዱልሀኪም ሸዋ ሮቢት ላይ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ አንካሳ በሬ አሞጋግሶ መሸጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። አንደኛው እውነት ነው። ሁለተኛውን ያስወራው ራሱ ነው።

ከረመዳን ወዲህ ግን በግራ ጎድኑ ሥር አንድ ነገር ገብቶ ተቀምጧል። ሲተኛ ይቆረቁረዋል፤ ሲበላ በሁለት ጉርሻ ያጠግበዋል። ሲዳብሰው ጠጣር ነው። በበሬ ሆድ ቢያገኘው ኖሮ "ጣፊያው ነው፣ እለፈው" ብሎ ገዢውን ይመክር ነበር፤ በሬው የሌላ ደላላ ከሆነ ማለት ነው። የራሱን ሆድ ግን ለማን ያሳይ? ሐኪም ዘንድ ተሰልፎ ቢታይ ወሬው ቀድሞት ሰንበቴ ገበያ ይገባል። አንዴ "አብዱልሀኪም አለቀለት" ከተባለ ደግሞ ማን ከብቱን አምኖ ይሰጠዋል? ታላቅ ወንድሙ አደም እንዲህ ያለ ነገር ይዞት፣ እንዴት ነህ ላለው ሁሉ "አልሀምዱሊላህ፣ ደህና" እንዳለ ነው አምና የተቀበረው። አብዱልሀኪም ይህን እያወቀም ለሚስቱ ለጣይባ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ዶክተር ብሌን ከአዲስ አበባ የመጣችው። ዶክተር ብሌን ጥሩ ሐኪም እንዴት እንደሚሠለጥን ስምንት ዓመት ያጠናች ሴት ናት። የደረሰችበትም ይህ ነው፤ የሐኪሞቻችን ችግር ከታማሚ ጋር መነጋገር አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ የታመመ መስሎ የሚቀርብ ሰው ይፈለጋል፤ ተለማማጆቹ ሐኪሞች ያነጋግሩታል፣ እሱም ሃያ ረድፍ ያለው ቅጽ ላይ ነጥብ ይሰጣቸዋል። "እዚህ አገር እውነት አስመስሎ የሚያወራ ሰው ማን አለ?" ብላ ብትጠይቅ ከተማው ባንድ አፍ አብዱልሀኪምን ጠቆማት።

"ስንት ሐኪም ነው የሚያየኝ?" አላት።

"አሥራ ሦስት።"

"ባንድ ቀን?"

"ባንድ ቀን። ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ እርስዎ ደህና መሆንዎን ሁሉም ያውቃል።"

ያ አላህ! ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል፣ ጤነኛ ተብሎ በክብር ገብቶ፣ በአሥራ ሦስት ሐኪም መታየት! ከአሥራ ሦስቱ አንዱ እንዴት እጁን ሆዱ ላይ አያሳርፍም? እሺ ለማለት ምራቁን እንኳ አልዋጠም። የተሰጠው ታሪክ የሦስት ቀን ራስ ምታት ነበር። ቃል በቃል አጠናው።

ቦታው አንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ቬንቲሌተሩ ሙቀቱን ከዚያ ወደዚህ ያመላልሰዋል። አንድ አልጋ ተዘርግቷል፣ ዶክተር ብሌን ከመጋረጃ ጀርባ እያየች የራሷን ነጥብ በቅጿ ትሞላለች። የመጀመሪያው ተለማማጅ ገባ፤ ጨበጠው፣ ስሙን ነገረው፣ ዓይን ዓይኑን አየው።

"ምን ይሰማዎታል?"

"ራሴን።"

"ስሜትዎ ይገባኛል።"

"ምኑ ገባህ፣ ሳትነካኝ?" ሊለው ፈለገና ተወው። ሃያ ከሃያ ሞላለት፤ ቅጹ የሚጠይቀውን ሁሉ አድርጓል። ሁለተኛው እንደዚያው። አምስተኛዋ ስሜቱ ይበልጥ ገባት። አብዱልሀኪም ጨነቀው። ከስምንተኛው ጀምሮ ግራ ጎኑን ይዞ ማቃሰት ጀመረ፤ እነሱ ግን ስለ ራስ ምታቱ ብቻ በትሕትና ጠየቁት። ወላሂ፣ ከብት ገበያ ላይ ጎን ሳይዳብስ ዋጋ የሚጠራ ገዢ ወይ ሌባ ነው ወይ የሰው ገንዘብ የያዘ። አሥራ ሁለቱ አልፈው ሄዱ፤ አሥራ ሁለቱም ስማቸውን ነገሩት።

የመጨረሻው ሄኖክ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ መጣና "ራስዎን ነው?" አለ፤ መልስ ሳይጠብቅ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ሳብ አድርጎ አየ፤ ውስጡ ነጥቷል። ከዚያ "ይተኙ" አለው። አብዱልሀኪም ተኛ። የሄኖክ እጅ መጣ፤ ሆዱን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ዳሰሰና ከግራ ጎድኑ ሥር ቆመ።

"ጋሼ" አለ ሄኖክ በሹክሹክታ፣ "ይሄ የትወናው ነው?"

"አይደለም" አለ አብዱልሀኪም። እንባው መጣ።

"ነገ ጠዋት የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራ ያስፈልግዎታል። እኔ እወስድዎታለሁ" አለው። የሰዓት ማብቂያው ደወል ተደወለ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስበው ዶክተር ብሌን ውጤት አነበበች። ሄኖክ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሃያ ሰጥተውታል፤ እኔ ሦስት። ስሙን አልተናገረም፣ ዓይንዎን አላየም፣ ድምፁም አልተሰማኝም። ሦስት ያመጣ የስድስት ወር ልምምዱን ይደግማል።"

"ሆዴን ዳስሶኛል እኮ!"

"የተሰጠዎት ራስ ምታት ነው፤ ሆድዎ ታሪኩ ውስጥ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሄደው።"

ሄኖክ ምስጢሩን ቢያወጣ ይድን ነበር፤ ግን አንገቱን ደፍቶ ነጥቡን ተቀበለ። አብዱልሀኪም ወደ በሩ ዞረ። እዚያ ሻይ ይዛ የቆመችው አስተናጋጅ የከብት ነጋዴው የኡበይድ ልጅ ናት። እዚህ የተባለው ሁሉ ዛሬውኑ አባቷ ዘንድ ይደርሳል። አደም ትዝ አለው።

"ውሸቴን ነው" አለ።

"ምኑን?"

"ራስ ምታቱን። የታመምኩት ሆዴን ነው፤ ልጁ ነው ያገኘልኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ብሌን አጨበጨበች፤ "አያችሁ? ትወና ማለት ይህ ነው!" አለች። አጂብ ነው! ዕድሜ ልኩን ውሸቱ ሲታመንለት የኖረ ሰው አንድ ቀን እውነት ቢናገር ጭብጨባ ሆነ ትርፉ።

አብዱልሀኪም አልጋው ላይ ወጥቶ ተኛና ሸሚዙን ገለጠ። አልሳቀም። ሳቁ አንድ በአንድ ሞተ። ዶክተር ብሌን ተጠጋች፤ እንደ ልማዷም ዓይን ዓይኑን አይታ "ዶክተር ብሌን እባላለሁ፤ ምን ይሰማዎታል?" አለችው።

"ስምሽንስ ነግረሽኛል፣ ልጄ። እጅሽን አምጪ።"

እጇ ወደ ቀኝ ጎኑ ሄደ። "በግራ ነው፣ ዶክተር" አለ ሄኖክ፤ ድምፁ ለሁሉም ተሰማ። እጇ ቦታውን ሲያገኝ ፊቷ ተለወጠ፤ በብብቷ የያዘችው ቅጽ ወለሉ ላይ ወደቀ።

በሩ ላይ አስተናጋጇ የለችም። የሻዩ ትሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"ትንገራቸው" አለ አብዱልሀኪም ጣሪያውን እያየ፣ "ሞቼ ከሚያለቅሱልኝ በቁሜ ይሙኝ።"